ኮምፒዩተሬ የጠየቀው ስም

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። የምጽፈው በሽምግልናዬ ተረት ልፈጥር ሽቼ አይደለም፤ ለሰው ሳልናገረው መሞት ስለ ፈራሁ ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ቦታው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የእኔው ቤት።

በኮምፒዩተሬ ውስጥ የሟች መምህሬ የመጻሕፍት ትርጓሜ አለ። ስድስት ዓመት የተየብሁት ነው። ከቤት እንዳይወጣ ምዬላቸው ስለ ነበር በፍላሽ እንኳ አልገለበጥሁትም።

ጠዋት ሲስተሙን አፕዴት አደረግሁ... ከዚያ በኋላ ፋይሎቼ የሚደረደሩበት ገጽ፣ ዴስክቶፑ፣ አልነሣ አለ። የይለፍ ቃሌን ይቀበላል፤ ይጠቁራል፤ ተመልሶ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

ከሜክሲኮ አደባባይ ዋቅሹማ የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያ አስመጣሁ። ገና ሲቀመጥ፣ «የኔታ፣ ጸበል ሳያስረጩባት እኔን በማስቀደምዎ አመሰግናለሁ» ብሎ ሣቀ። ፋይሉ እንዳልጠፋ፣ የታመመው ዴስክቶፑ ብቻ እንደ ሆነ፣ የድሮውን ሴቲንግ ገለል አድርጎ እንደሚሞክር አስረዳኝ።

አጥፍቶ አስነሣው።

በመግቢያው ላይ ከእኔ ስም በታች ሌላ ስም ነበር።

«አንተ ነህ የጨመርኸው?»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ከንፈሩ ደረቀ።

«የክርስትና ስሜ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም።»

እኔ ያየሁትን ፊደል ሁሉ ድምፅ አሰምቼ አነባለሁ፤ ከቆሎ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያልለቀቀኝ ልማድ ነው። ስሙንም አነበብሁት። እዚህ ግን አልጽፈውም።

ግንባሩ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ።

ማንም አልነካውም... ማጅራቱን የጨበጠ እጅ ያለ ይመስል ተነሥቶ እንደ ገና ወረደ። አፍንጫው ተሰበረ።

ስክሪኑ ላይ ግን ዴስክቶፑ እስከ ግማሽ ተነሣ። የመጽሐፉ ፎልደር ለቅጽበት ታየኝ። ከዚያ ጠቆረ፤ ስሙ ብቻውን ተመለሰ።

«የኔታ... አይድገሙት።» ደሙ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉት።»

ገመዱን ጨበጥሁት። ብነቅለው መጽሐፉ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጄ» አልሁት።

አነበብሁት።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ታጠፉ... እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ። ከወንበሩ ተነጥቆ ከግድግዳው ጋር ተጋጨና ወደቀ።

ዴስክቶፑ ተነሣ።

አስቀድሜ ወደ እርሱ አልሄድሁም። ፋይሉን ከፈትሁ። ትርጓሜው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም።

ተንበርክኬ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው። እስትንፋስ የለም። ልቡም አይመታም።

የተሰበሩት ጣቶቹ ግን የሲሚንቶውን ወለል መምታት ጀመሩ... ቀስ ብለው፣ እንደሚተይብ ሰው።

ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ።

በመቱ ቁጥር፣ ከመጽሐፉ የመጨረሻ መስመር በታች፣ አንድ ፊደል ይጨመር ነበር።