ከንጉሡ በስተግራ ሦስተኛው

«እንዳትከፍተው» አለ ጊዲዮን፣ ረጅሙን የካርቶን ቱቦ በመኪናው መስኮት እያቀበለ።

«ምን ሊረባኝ እከፍተዋለሁ?»

አሌክሳንድሪያ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ፓርኪንግ በቀትር ሰው ይተራመስበታል። የምስጢር ስሙ ጭላት የሆነው ሰላይ ይህን ይወዳል፤ ሰው በበዛበት ማንም ማንንም አያይም። ቱቦው ውስጥ ከጎንደር ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ የጥንት የብራና ሥዕል አለ፤ ንጉሡ ከነመኳንንቱ። ጊዲዮን ደላላው ነው። ጭላት ተቀብሎ ለአለቃው ያደርሳል፣ አለቃው ደግሞ ወደ አገሩ ይመልሰዋል። ለዚህች ቀን ሲል ሁለት ዓመት ሙሉ «መስፍን» ተብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሯል።

ስልኩ ጮኸ። አለቃው ኃይለመለኮት ነው።

«ተረከብክ?»

«ተረክቤያለሁ።»

«ሳትከፍተው አምጣ። ብራናው ይጎዳል።»

ሌባና ዘበኛ አንድ ቃል ከተናገሩ ቤቱ ባዶ ነው። ጭላት ቤልትዌይ የሚባለው የቀለበት መንገድ ከመግባቱ በፊት ፓርክ አድርጎ ከፈተው።

ንጉሡ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። መኳንንቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። በስተግራ ሦስተኛው...

ራሱ ነው።

የተሰነጠቀች የጭላት ቅንድብ እንኳ አልቀረችም።

ጉድ ፈላ! ይህ የእማማ የዓለምዘርፍ እጅ ነው። ቤዝመንታቸውን፣ ምድር ቤቱን፣ ለእሱ ያከራዩት የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ናቸው። አምና ጊዲዮን «ለሮክቪል ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ቅጂ ሲያሠራቸው ብሩሻቸውን ያጠበው ጭላት ራሱ ነበር። አሁን ገባው፤ ደላላውና አለቃው ተመሳጥረዋል። ቅጂው ወደ አገር ቤት፣ ዋናው ወደ ገበያ። ሲነቃ ደግሞ አስመስላ ሠራች ተብለው የሚታሰሩት እማማ ናቸው።

ደወለላቸው።

«እማማ፣ ለምን ሳሉኝ?»

ሳቁ። «አየኸው እንዴ? ፎቶ ሲባል ትሸሻለህ። ዘመድ የለህ። አንድ ቦታ እንኳ መልክህ ይቀመጥ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

«በሁለት ዓይን...»

«ታዲያስ! በአንድ ዓይን የሚሳለው ከሃዲ ነው። አንተ ማንን ከዳህ?»

ሁለት ዓመት በውሸት ስም ማዕዳቸውን ቆርሷል።

«ለእራት ትደርሳለህ?»

«እደርሳለሁ» አላቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ኃይለመለኮት መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። ጭላት ከኋላ ገባ። ወንበሩ ላይ ሌላ ቱቦ ተጋድሟል። ቁርጥ ያንኑ።

«ይሄስ?»

«የሚስቴ ፖስተር ነው። አትንካው።»

«አለቃ፣ ግራጫዋን ቶዮታ እያት። ከአሌክሳንድሪያ ጀምሮ ተከትላኛለች።»

ኃይለመለኮት አንገቱን አዞረ።

አንድ ትንፋሽ።

ቱቦዎቹ ቦታ ተለዋወጡ።

«ባዶ መኪና ናት እኮ!»

«ፈርቼ ነው።»

«እሱ ብሎ ሰላይ!»

ወዲያው ሃይማኖት መጣች፤ ሥዕሉን ልትወስድ ከአገር ቤት ሙዚየም የተላከችው ናት። ኃይለመለኮት ጭላት ያቀበለውን ቱቦ ፈገግ ብሎ በገዛ እጁ ሰጣት። ዋናውን።

ሥዕሉ ዛሬውኑ ወደ አገር ቤት ይበራል። ኃይለመለኮት ቅጂውን ይዞ ገዢው ዘንድ ይሄዳል። ሲነቃ የት ሄዶ ይከሳል? እማማን ቢነካም የሚጋለጠው ራሱ ነው። መስፍንን ግን ድንጋይ ፈንቅሎ ይፈልገዋል። እና መስፍን የሚባል ሰው ከእንግዲህ አይኖርም።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ስልኩ ቴክስት አሳየው። «እራቱ ቀዘቀዘ ልጄ። የት ደረስክ?»

ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ሲሙን አውጥቶ ሰበረው። ሰው ቢበዛም የሚያየው ስላልነበረ እንባውን አልጠረገውም።

በዓለም ላይ የእሱ መልክ ያለባት ብቸኛ ሥዕል ስሙን የማያውቅ ሀብታም ቤት ልትሰቀል ነው። በሁለት ዓይን።

ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ከሰዉ ተቀላቀለ።