«ተመልሻለሁ» የሚለው ቁልፍ

ሒክማ እጇን ወደ ላፕቶፑ ስትዘረጋ ሳምራ ክዳኑን ጧ አድርጋ ዘጋችው።

«ቻርጀር ልሰካልሽ ነበር እኮ! ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

«ኧረ አታካብጂ» አለች ሒክማ፤ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ትታላት ከትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ወጣች።

ሳምራ ኮቴዋ እስኪርቅ ጠበቀች። ሁለቱ አብረው የሠሩት መተግበሪያ አቃቂ በሰቃ ያሉትን ባጃጆች ተራ ይይዛል። እያንዳንዱ ባጃጅ በኮዱ ውስጥ አንድ ኦብጀክት፣ ማለትም መረጃው የተጻፈበት እንደ ካርድ ያለ ነገር ነው፤ ታርጋ፣ ሹፌርና ተራ አለው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ልክ ከቀትር በኋላ፣ የአንድ ሰው ተራ ብቻ ወደ አንድ ይዘላል፤ የሒክማ አባት የጋሽ ሀይረዲን። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ደግሞ ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው።

ትናንት ሒክማን እንደጠረጠረች ለተራ አስከባሪው ለጋሽ ጂራታ ሹክ ብላቸዋለች። «ነገም ከደገመው ሀይረዲንን ከተራ አስወጣዋለሁ» ነበር ያሉት።

ዛሬ ጠዋት ለሒክማ ሳትነግራት ጥቂት መስመሮች ጨምራለች። የማንም ተራ በተለወጠ ጊዜ የቀድሞውን፣ አዲሱን፣ ሰዓቱንና ማን እንደለወጠው ይመዘግባሉ።

ላፕቶፑን ከፈተች።

ሰባት ሰዓት ከአምስት። ሀይረዲን፦ ከዘጠኝ ወደ አንድ።

ቀጥሎ የሒክማን ስም ጠበቀች። የተጻፈው ግን «ተመልሻለሁ» የሚለው ቁልፍ ነበር።

ያን ቁልፍ የሠራችው ራሷ ናት። ለሶላት ወይም ለምሳ የሚሄድ ሹፌር «ቆይቼ እመጣለሁ»ን ይጫናል፤ ሲመለስ የነበረበት ተራ ይጠብቀዋል። እሷ ግን ለተመለሰው ሰው የቀድሞውን ኦብጀክት በማምጣት ፈንታ አዲስ ፈጥራለታለች። የአዲስ ኦብጀክት ተራ ደግሞ ከአንድ ይጀምራል። ሌሎቹ ሹፌሮች «ያዙልኝ!» ብለው ጮኸው ነው የሚሄዱት። የቀትር ሶላት፣ ዙህር፣ በደረሰ ቁጥር ቁልፉን በሥርዓት የሚጫኑት ጋሽ ሀይረዲን ብቻ ናቸው።

አንድ መስመር ብቻ ነው። ብታስተካክለው፣ መዝገቡንም ብታጠፋው ማንም አያውቅም።

በሩ ተበረገደ። ሒክማ ስልኳን እንደያዘች ታለከልካለች።

«ሳምሪ፣ አባዬን ከተራ አስወጥተውታል! ቀጣፊ ነህ ብለውታል፣ በሰው ፊት!»

ሳምራ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረችው።

«እዪው። ስህተቱ የእኔ ነው። አንቺን ጠርጥሬ ለጋሽ ጂራታ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ።»

ሒክማ እስከ መጨረሻው አነበበች። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ ሳምራ ላፕቶፑን አቅፋ ከኋላዋ ተከተለቻት። እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ እንዲሁ ተከታትለው ሄዱ።

እዚያ ሲደርሱ በሹፌሮቹ ፊት መጀመሪያ የተናገረችው ሳምራ ነበረች፦ «ጋሽ ጂራታ፣ ጋሽ ሀይረዲን አላጭበረበሩም፤ ስህተቱ የእኔ ነው።»