የአሥራ አንድ ቁጥር ጥያቄዎች

ብታምኑም ባታምኑም ይህ የሆነው ዛሬ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ፣ እኔ በምጠብቀው የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ።

ተማሪዎቹ ለምሳ ሲወጡ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ የጻፉትን ሁሉ የምሰርዘው እኔ ነኝ። ስለዚህ ጉዳቸውን አውቃለሁ።

ትንሽ ራሱን ያመመው «የአንጎል ዕጢ» ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ያነባል፣ እሱንም እስከ ግማሽ። ከዚያ ፊቱ አመድ መስሎ ይወጣል።

ክሊኒኩ እኮ ከበራችን መቶ እርምጃ ነው። ያውም በነጻ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ነገ አገር የሚረከቡት።

ዛሬም በሆዴ እየሳቅኩ ስሰርዝ አሥራ አንድ ቁጥር ኮምፒውተር ጋ ደረስኩ...

«ግራ እጅ ለምን ይደነዝዛል?»

«ደረት ላይ የሚከብድ ነገር ምንድን ነው?»

ይሄ ደግሞ የማን ፈሪ ነው ብዬ ሳቅኩ። ግራ እጄን እያሻሸሁ።

ከዚያ ትዝ አለኝ... አሥራ አንድ ቁጥር ኪቦርድ የለውም። ከተነሳ ወር አልፎታል። ያነሳሁት ራሴ ነኝ።

«ጋሼ...»

ደብተሯን ረስታ የተመለሰች ተማሪ ናት። በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምንድን ነው?»

«ላብ አጥምቆዎታል።»

«ሙቀቱ ነው።»

«ከንፈርዎም ጠቁሯል... ክሊኒክ ላድርስዎት?»

«አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ? ሂጂ ምሳሽን ብዪ።»

ደብተሯን አንስታ ሄደች።

ዞር ስል ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ነበር።

«ሰውየው ሊረዱት ሲመጡ ለምን ያባርራል?»

ፈራሁ። ውሸት ምን ያደርጋል። ክሊኒኩ በመስኮት ይታየኛል። ነርሷ ደጃፉ ላይ ቆማ በስልክ ታወራለች።

እኔ ግን ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ «ግራ እጅ» ብዬ ጻፍኩ። በቀኜ ብቻ፣ ግራው እምቢ ብሎኛል። የመጀመሪያውን መልስ አነበብኩ... እስከ ግማሽ።

ቀጥሎ ይህን ለእናንተ ኢንተርኔት ላይ መጻፍ ጀመርኩ፣ ከመካከላችሁ የሚያውቅ ካለ ብዬ። እኔን ብሎ በሰው ሳቂ።

አሁን ቀና ስል አሥራ አንድ ቁጥር እየጻፈ ነው። ፊደል በፊደል...

«ክሊኒኩ መቶ እርምጃ ከሆነ ሰውየው ለምን ሳይሄድ ቀረ?»

ከሥሩ «አንድ መልስ ተገኝቷል» ይላል። ገጹ ገና እየተከፈተ ነው...

እሱን ብቻ አንብቤ እነሳለሁ።