አንድ ደረጃ ቢጫ

«አትናገር። ከንፈርህን ወደ ላይ ሰብስብ» አለችውና የቀለም ናሙና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ወደ አፉ እያስጠጋች በመስኮቱ ብርሃን ታስተያያቸው ጀመር።

ሥራዋ ነው። ላይ ፎቅ ያለው የጥርስ ሐኪም ልክ ይወስዳል፤ እሷ ከታች ተነቃይ ጥርሱን ቀርጻ የባለቤቱን ጥርሶች የሚመስል ቀለም ትቀባዋለች። ዛሬ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር። ሥዕል ሊሰቅል ከመሰላል ወድቆ አንድ የፊት ጥርሱን አጥቷል። በሐሳቧ ስንት ጊዜ ከፎቅ ገፍትራዋለች፤ መሰላሉ ቀደማት።

ትንፋሹ ጣቷን ሲነካው ቀጣዩን ናሙና አነሳች። ልቧን ግን አልጠየቀችውም።

አብረው በተማሩባት ትንሽ የሥዕል ኮሌጅ አንድ ቡርሽ ለሁለት ይጠቀሙ ነበር። የመመረቂያ ሥራዋ ነጭ በነጭ ነበር፤ ገመድ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች፣ በማለዳ፣ በቀትር፣ በምሽት። ኮሌጁ የሚፈልገው አንድ ረዳት መምህር ብቻ ነው። ሌላው ምሩቅ ከቀናው የሕፃናት መጽሐፍ ይሥላል፣ ካልቀናው ታፔላ ይጽፋል፣ ከዚያም ካነሰ የሰው ሱቅ ይጠብቃል።

መምህራኑ ለቦታው ሰው ሲመርጡ ስለ እሷ ቢጠይቁት «እጇ ወርቅ ነው» አላቸው፤ «ነጭ ብቻ የምትቀባው ግን ቀለም መለየት ስለማትችል ነው።»

ቦታውን አገኘ። እሷ ወሬውን ከጽዳት ሠራተኛዋ ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳችም። የወጋ ይረሳል ይባላል። ይሄኛው የረሳ አይመስልም፤ ዓይኗን ማየት አቅቶት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«መቼ ይደርሳል?» አለ አፉ ሲለቀቅለት። «ቅዳሜ ኤግዚቢሽኔ ይከፈታል።»

«ይደርሳል።»

እንደወጣ ትክክለኛውን ቀለም ሆን ብላ ዘለለችውና ቀጣዩን አነሳች። አንድ ደረጃ ቢጫ። ሰው «ምኑ እንደሆነ እንጃ፣ ፈገግታው ደስ አይልም» የሚለው ዓይነት። እንደዚያ ተጠብባ ጥርስ ሠርታ አታውቅም።

አርብ ዕለት ሐኪሙ ጥርሱን እንደገጠመለት ከፎቅ እየበረረ ወርዶ መጣ።

«ይሄ የኔ ቀለም አይደለም!»

«ምን ላድርግ? ቀለም አልለይም።»

የላቦራቶሪው ባለቤት ከማሽናቸው ቀና አሉ። «ማነው ያለው? ይቺ ልጅ እኮ የታመመ ጥርስና ያዘነ ጥርስ ትለያለች!»

«ይናገር ጋሼ፣ እሱ ያውቃል።»

እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ሆን ብለሽ ነው» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ቀለም ስተሽ አታውቂም።»

«ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። ለመምህራኑ ንገራቸው። በዚሁ ጥርስ።»

«ያባርሩኛል!»

«ታፔላ ትጽፋለህ። እጅህ መጥፎ አይደለም።»

«ፈርቼ ነበር እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትበልጪኝ ነበር። ሥራሽን ባየሁ ቁጥር እወድሽም እጠላሽም ነበር።»

«እኔ ደግሞ እወድህ ነበር። መውደድ ብቻ።»

ቅዳሜ ማታ የኮሌጁ ኃላፊ ደወሉላት። እሱ በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ንግግር ላይ፣ እንግዳ በሞላበት፣ ሁሉንም ተናግሮ ሥራውን ለቋል። ይቅርታ ጠይቀው ቦታውን እንድትወስድ ለመኗት።

«አስብበታለሁ» አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ጣፈጣት።

ሰኞ ጠዋት በላቦራቶሪው ደጃፍ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሰላም ሲላት ቢጫ ጥርሱን በእጁ አልሸፈነም።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ጥርሴን። ከተፈቀደልኝ አንቺንም።»

«ጥርሱ ይሠራል። ስለ ሌላው አልወሰንኩም።»

«እጠብቃለሁ።»

«ጠብቅ። አንተ መጥተህ እንድትነግረኝ እኔም ስጠብቅ ነበር።»

ገብታ አዲስ ጥርስ ጀመረች። ቀለሙን ለማመሳከር ናሙና አላነሳችም፤ ያንን አፍ በቃሏ ታውቀዋለች። ፀሐዩ ሲበረታ ጋሼ በመስኮት አይተው አዘኑ።

«ልጄ፣ ሰውዬሽን ፀሐይ ጨረሰው እኮ!»

«ትንሽ ይጨርሰው» አለች፤ ፈገግታዋን ግን ከማሽኑ ጀርባ ደበቀች።

ጥርሱን አለስልሳ ወለወለችው፣ በትንሿ ሣጥን ከተተችው፣ ክዳኑን ገጠመች። ካለቀላቸው ሥራዎች መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችውና ደጅ የሚጠብቀውን ሳትጠራ ቀጣዩን ሥራ አነሳች።