የወዚር ቆሽት ሲመሰክር

ወዚር በረመዳን ቀን፣ ሮቤ በሚገኘው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ተዘርሮ ተገኘ። ሆስፒታል ሲደርስ ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ዶክተር ወንዶሰን ደም ቀድቶ ግሉኮስ ቢሰጠውም አልተረፈም። የገደለው የስኳር ማነስ ነው። ስኳር ሕመም ያለባት ግን እሱ ሳይሆን ሚስቱ ዙቤዳ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ከዚህ ወዲያ ማን ማስረጃ ይፈልጋል? በማግስቱ አሰሯት።

ኢንስፔክተር ሠርከአዲስ ግን እንዲህ የቀለለ ነገር አይጥማትም።

«መርፌው የኔ ነው» አለቻት ዙቤዳ ቆሽቷ አርሮ። «ጎባ እህቴ ዘንድ አድሬ እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ወላሂ አልገደልኩትም! እስከፈለጋችሁ እሰሩኝ፣ ገደልኩት ብዬ አልፈርምም።»

የሟች ወንድም ዓብዱልፈታሕ ጎረቤታቸው ነው። «ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜን!» እያለ አለቀሰ። «ሚስቱ ስላልነበረች ጎህ ሳይቀድ ለሱሑር ገንፎ ሠርቼ ወሰድኩለት። አብረን በላን፣ ደህና ነበር። እሷ መጥታ ወጋችው።» ወዲያው ከኪሱ ክኒን አውጥቶ በውሃ ዋጠ። «እኔም ስኳር አለብኝ፤ ሐኪም ጾም ከልክሎኛል» አለ አፈር ብሎ።

ሠርከአዲስ ብርጭቆውን አየት አደረገች።

«መዝገቡን ዝጊው» አላት አዛዥዋ።

«የደሙ ውጤት ከአዲስ አበባ ሳይመጣ አልዘጋም።» ቢፈልግ ያባርራት!

ውጤቱ ሲመጣ ዙቤዳን ከእስር አስወጥታ ቤተሰቡንና ሽማግሌዎቹን በወዚር ቤት ሰበሰበች።

«ኢንሱሊን የሚሠሩት ቆሽት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ናቸው» አለ ዶክተር ወንዶሰን። «ሲሠሩት ሲ-ፔፕታይድ የሚባል ቁራጭ አብሮ ይወጣል። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ይህ ቁራጭ የለውም። በወዚር ደም ውስጥ ግን ሁለቱም ከመጠን በላይ ነበሩ።»

«ስለዚህ ማንም አልወጋውም» ቀጠለች ሠርከአዲስ። «ኢንሱሊኑ ከራሱ ቆሽት ነው የወጣው። ሕዋሳቱን ያስገደዳቸው ደግሞ ደሙ ውስጥ የተገኘው የስኳር ክኒን ነው። ዙቤዳ ክኒን አትወስድም፤ በሱሑር ሰዓትም ጎባ ነበረች፤ ክኒኑ የገባው በገንፎው ነው። ዓብዱልፈታሕ፣ አንተ የማትጾም ሰው፣ ለሱሑር ምን አስነሳህ?»

«እኔ በየቀኑ እውጠው የለም እንዴ! መች ገደለኝ?»

«የእርስዎ ሕዋሳት ደክመዋል» አለ ዶክተሩ። «የእሱ ጤነኞች ነበሩ፤ ክኒኑም በዝቶባቸዋል። ያውም እስከ እኩለ ቀን ጾሞ።»

ዓብዱልፈታሕ ግድግዳውን ተደገፈ። «የአባቴን የስንዴ ማሳ ለብቻው ይዞ...» ብሎ ሳይጨርስ እጁ ላይ ካቴና ገባ።

ኦቦ ጉሉማ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። «ልጄ ዙቤዳ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ከመሄድ በእርቅ...»

«እኔ ስታሰር ከእናንተ አንድ ሰው እርቅ ብሎ ተነሥቷል?» አለች ዙቤዳ። «የባሌን ደም በምርቃት አልሸጥም። ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክራለሁ፤ እናንተም መጥታችሁ ስሙኝ።»