የአስር ሰዓቱ ጉርምርምታ

የአጎቴን ገዳይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መርማሪዋም ትንሽ ረድታኛለች፤ እሱን አልክድም።

ማክሰኞ ጠዋት እኔና የአጎቴ ሚስት ዘመድ ቤት አድረን ስንመለስ፣ አጎቴን ጓሮ ባለው የሙቅ ውሃ ገንዳ፣ ጃኩዚው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘነው። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ውሃው ግን እንደ መስታወት ጠርቷል። ሐኪሙ «ሙቅ ውሃ ውስጥ ስለቆየ፣ መቼ እንደሞተ መናገር አይቻልም» አለ።

ለእኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጃኩዚውን የሚያጸዳውን ሰውዬ፣ ከሩቅ ክሎሪን ክሎሪን ስለሚሸት «ክሎሪኑ» የምንለውን፣ ለፖሊሶቹ ጠቆምኳቸው።

«ደሙን ያጠበው እሱ ነው! ሌላ ማን ውሃ መቀየር ያውቃል?»

ፖሊሶቹ የክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት ውሃው ውስጥ ቢነክሩ ቀለሙ አልተለወጠም። ክሎሪን የለም፤ ውሃው አዲስ ነው። ክሎሪኑ «ሰኞ ጠዋት ክሎሪን በገዛ እጄ ጨምሬያለሁ! አምስት ሰዓት ላይ ስወጣ ጋሼ ደህና ነበሩ!» እያለ ሲምል ይዘውት ሄዱ።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ከበደን። በየቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነካው ጃኩዚው በክዳኑ ስር ያጉረመርማል፤ አጎቴ ሙቁ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደሚያቃስተው። የአጎቴ ሚስት መጋረጃውን ትዘጋለች። አብሮን የሚኖረው ወንድሟ፣ ጥርሱ ስለማይከደን «ሳቂታው» የምንለው፣ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። እኔ በጠራራ ፀሐይ ከነጫማዬ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ።

አርብ ዕለት አንዲት አጭር መርማሪ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ጃኩዚውን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«አንቺ ልጅ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«እኔ? ምን ፈርቼ!»

«ታዲያ ዓይንሽ ምነው በርበሬ መሰለ?»

ያን ጊዜ ዘረገፍኩት። «አስር ሰዓት ላይ ያጉረመርማል! በፊትማ ማሽኑ የሚጮኸው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ሙት እንዴት ሰዓት ይቀይራል?»

«ሙት አይቀይርም» አለችና ጫማዋን አደረገች።

ቅዳሜ፣ ለአስር ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሁላችንንም ጃኩዚው ዙሪያ አቆመችን። ክሎሪኑንም ከእስር ቤት አምጥታዋለች።

«ይህ ማሽን በቀን አንዴ ውሃውን በራሱ ያጣራል» አለች። «ሰዓቱን የሚቆጥረው መብራት ከተለቀቀለት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ውሃ ለመቀየር ደግሞ መብራቱን ማጥፋት ግድ ነው፤ አለዚያ ማሞቂያው ይቃጠላል። ይህ መብራቱን የሚያጠፋው ብሬከር ላይ ተጽፏል፣ ማንም ያነበዋል። ሰዓቱ እንደሚዛባ ግን አልተጻፈም። አንተ ውሃ ስትቀይር ምን ታደርጋለህ?»

«በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመለስና አጥፍቼ አበራዋለሁ» አለ ክሎሪኑ። «ጋሼን ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፋቸው እንዳይቀሰቅሳቸው።»

«ስለዚህ ውሃውን የቀየረው ይህን የማያውቅ፣ ሰኞ አስር ሰዓት ላይ መብራቱን የመለሰ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት ክሎሪኑ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ሲፈገፍግ ሃያ ሰው አይቶታል። ሴቶቹ ዘመድ ቤት ናቸው። የግቢው ቁልፍ ያለው ሌላ ማን ቀረ?»

«እኔ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ከተማ ነበርኩ፤ ያደርኩትም እዚያው ነው!» አለ ሳቂታው።

«ከማን ጋር?»

አፉን ሲከፍት ጃኩዚው አጉረመረመ። ረዥም፣ ከሆድ የሚወጣ ማቃሰት።

ሳቂታው ክዳኑን በጡጫ ይደበድበው ጀመር። «ዝም በል! ዝም በል አልኩህ! ገፋሁህ እንጂ አልገደልኩህም! ቤቴን ልቀቅ ባትለኝ ምን አለ?»

«ሳንባቸው ውስጥ ውሃ ተገኝቷል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ደሙን ስታጥብ፣ ገንዳውን እንደገና ስትሞላ፣ እዚህ ሳሩ ላይ ይተነፍሱ ነበር፤ የሰመጡት መልሰህ ውሃው ውስጥ ስትከታቸው ነው።»

የአጎቴ ሚስት ባለችበት ቁጭ አለች። ወንድሟን ሲወስዱት ቀና ብላ አላየችውም።

ወደ ክሎሪኑ ጠጋ አልኩ። «አየህ፣ የሰዓቱን ነገር ባልነግራት አልቆልህ ነበር። አመስግነኝ እንጂ!»

«አራት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያስተኛኝ የማን ምላስ ሆነና!» አለኝ።