ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር

አሳምነው በጅምናዚየሙ የጓሮ ደረጃ ግርጌ ተንጋሎ ሲገኝ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ውላቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች አዲስ ቡድን የሚያማርጡበት፣ ቡድኖችም ተጫዋች የሚለዋወጡበት፣ ስልክ ዕረፍት የማያገኝበት ሰሞን። አሳምነው ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ከተማ ውስጥ ያለው «ሰሜን ነፋስ» የተባለ አነስተኛ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነበር። ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚቆርጠው እሱ ነው።

መርማሪ ፋና ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የራስ ቅሉ ከኋላ በሲሚንቶው ጠርዝ ተፈንክቷል፤ ደሙ ከደረቀ ቆይቷል። ዓይኗን የያዘው ግን እግሩ ነበር። ጫማ የለውም። ግራጫ ካልሲ ብቻ።

«ይሄ ሰው በካልሲ ጓሮ ምን ሊሠራ ወጣ?» አለች ለራሷ።

ሬሳውን ያገኘው የተጫዋቾች ወኪል የሆነው ሶፎንያስ ነው። የጠዋቱ ልምምድ አልቆ ተጫዋቾቹ ከተበተኑ በኋላ፣ በጎን በኩል ፓርክ ወዳደረገው መኪናው በጓሮው በር አቋርጦ ሲወጣ ነበር ያየው። ፋና ተቀምጣ መጠየቅ ስለማይሆንላት፣ ይዛው በመኪና ማቆሚያው ላይ ትመላለስ ጀመር። ሙቀቱ አናት ይበሳል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ሌክ ስትሪት ካለ ምግብ ቤት ምሳ በላን። እሱ፣ የቡድኑ ባለቤት ወይዘሮ የሺሀረግ፣ አሰልጣኝ ኤጀታና እኔ። ተጨቃጨቅን እንጂ የት በላን!»

«በምን?»

«በናፍያድ። ዋናው ተጫዋቻቸው ነው። ወደ አዮዋው ቡድን ትሬድ ከተደረገ፣ ማለት ከተለወጠ፣ በምትኩ ኤሊ የሚባለውን ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ሴንተር ያስፈርማሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይችሉም፤ የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አይፈቅድም።»

«አንተ የማን ወኪል ነህ?»

ሶፎንያስ ላቡን ጠረገ። «የኤሊ።»

«ስለዚህ ናፍያድ ቢቀር ትጎዳለህ።»

«እጎዳለሁ። ግን አሳምነው ገና አልወሰንኩም ብሎ ነው የተለያየነው። ዛሬ መልሱን ልሰማ መጣሁ፤ ቢሮው የለም። ልምምዱን ትንሽ አየሁ። ኤጀታ አዲስ አጨዋወት ያስጠናል፤ ኳሱ ሁሉ በናፍያድ በኩል ያልፋል። ‹ነገ ለሚሄድ ልጅ ነው ይሄ ሁሉ?› ብዬ ሳቅሁ። ሬሳው ከበሩ ማዶ እንዳለ ምን አውቄ!»

ፋና ወደ ውስጥ ገባች። ተጫዋቾቹ ጫማ የሚቀይሩበት በር ላይ አንድ ጥንድ ቡናማ የቆዳ ጫማ፣ ተረከዙ ከግድግዳው ጋር ተስተካክሎ፣ ለብቻው ቀርቷል። ሌሎቹ ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው ሄደዋል። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ ሜዳውን ልታቋርጥ እግሯን ስታነሳ ከኋላዋ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ኧረ ልጄ፣ በጫማሽ? ኤጀታ እንዳያይሽ!»

ወይዘሮ የሺሀረግ ነበሩ። ቡርንስቪል ውስጥ የአረጋውያን ቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት አላቸው፤ ቡድኑን የገዙት ከዚያ ባገኙት ነው። ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቷል።

«ይህን ያህል ይቆጣሉ?»

«ወለሉን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው። እሱ ካለ እኔም በባዶ እግሬ ነኝ። ከሌለ ግን ማን ያወልቃል? እኔ በተረከዜ ቀጭ ቀጭ እላለሁ፤ አሳምነው ነፍሱን ይማረውና እንደተጫማ ይመላለሳል። እንደ ልጆች ተደብቀን!»

«እርስዎ የትኛውን ይፈልጉ ነበር?»

«ኤሊን። ሰው ከፍሎ የሚመጣው ረጅም ሰው ሊያይ ነው። አሳምነው ግን ‹ቡድን በቁመት አይሠራም› አለኝ። ተቆጣሁት። በቁጣ ነው የተለያየነው፤ ይኸው ያንገበግበኛል።»

አሰልጣኝ ኤጀታ ከተመልካች መቀመጫው ላይኛው ጫፍ ለብቻው ተቀምጧል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ፋና ደረጃውን ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አሳምነውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ምሳ ላይ ነው፣ እህቴ። ከዚያ ቤቴ ገባሁ።»

«ስለ ናፍያድ ምን እንደወሰነ ነግሮዎት ነበር?»

«ምንም። ልጁን እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ አባቱ ሲሞት ገና ትንሽ ነበር። ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። አሁንም ይሄዳል ብዬ ነው የማስበው።»

ናፍያድ ራሱ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ በሁለት እጁ እንዳቀፈ ቆሟል። ሚኒሶታ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእንግሊዝኛ ጋር ይታገላል።

«መሄድ ፈልገህ ነበር?»

«ዲፔንድስ፤ እንደ ሁኔታው» አለ፤ ዓይኑን አሸሸ። «መልሱን አሳምነው ዛሬ ሊነግረኝ ነበር።»

ፋና ወጥታ ስልኳን አነሳች። መጀመሪያ ያነጋገረችው የአዮዋውን ቡድን ሥራ አስኪያጅ ነው። አሳምነው ትናንት አመሻሹ ላይ ደውሎለት ነበር። «ትሬዱ ቀርቷል አለኝ» አለ ሰውየው። «ግን ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። በመጀመሪያ ለአንድ ሰው በአካል ልነግረው እየጠበቅሁት ነው፤ ከባድ ወሬ ነው አለኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።»

ሁለተኛው ስልክ ሬሳውን ከሚመረምረው ሐኪም ነበር። የነገራትን ስትሰማ መመላለሷን አቆመች።

አራቱንም ሜዳው ጥግ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ማንም ሊቀመጥ አልፈለገም።

«አሳምነው በካልሲ ነው የሞተው» ብላ ጀመረች። «ጫማው እዚያ በር ላይ ነው፤ በሥርዓት ተቀምጧል። ይሄ ሰው ጫማውን ያወለቀው ራሱ ነው። መቼ ነው የሚያወልቀው? ወይዘሮ የሺሀረግ ሳያስቡት ነገሩኝ። አሰልጣኙ ሲኖር ብቻ ነው። ወይዘሮ የሺሀረግን፣ ሶፎንያስን ወይም ናፍያድን ቢጠብቅ ኖሮ እንደተጫማ ይሞት ነበር።»

ኤጀታ ሳቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «በጫማ ነው ሰው የምትይዢው?»

«በጫማ ብቻ አይደለም። ናፍያድ ይሄዳል ብዬ ሳልተኛ አደርኩ ብለውኛል። ዛሬ ጠዋት ግን ለመጪው ውድድር አዲስ አጨዋወት ሲያስጠኑ፣ መሐሉ ላይ ያቆሙት ናፍያድን ነው። እሱ እንደሚቀር እርግጠኛ ነበሩ። ይህን የሚያውቁት ደግሞ አዮዋ ያለው ሰውና አሳምነው ብቻ ናቸው። አሳምነው በአካል ሊነግረው የጠበቀው ሰው እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ልጄ ቀረልኝ ብሎ ሰው ይገድላል?» አለ ሶፎንያስ ግራ ተጋብቶ።

«እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ደስ የሚል ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ አሰልጣኙ መገናኘታቸውን አይደብቅም፤ አሳምነውም ከባድ ወሬ አይለውም። ስለዚህ አብሮት ሌላ ወሬ ነበር። ናፍያድ ይቀራል፤ የሚሄደው ግን አሰልጣኙ ነው። አይደለም እንዴ፣ አሰልጣኝ?»

የኤጀታ ፊት ቀስ እያለ ጠቆረ። ወለሉን አየ።

«ይህን ቡድን ከምንም ነው ያነሳሁት» አለ። «የምትሄደው አንተ ነህ ሲለኝ ተነስቼ በጓሮ በር ወጣሁ። እየሮጠ ተከተለኝ። ሊያባብለኝ ክንዴን ያዘኝ፤ መንጭቄ አስለቀቅሁት። ልገፋው አልነበረም። እግሩ አዳለጠው።»

«አምናለሁ» አለች ፋና። «ሐኪሙ ግን ወዲያው አልሞተም ብሎኛል። ትተውት ሲሄዱ ይተነፍስ ነበር?»



«ይተነፍስ ነበር» አለ ኤጀታ።

ወይዘሮ የሺሀረግ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «እመቤቴ ማርያም!»

አንደኛው ፖሊስ ሲጠጋው አሰልጣኙ እጁን ዘረጋ፤ ፊቱን ግን ወደ ወይዘሮ የሺሀረግ አዞረ። «አሳምነው ውሳኔው የእኔ ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። እሱ እንደዚያ አያደርገኝም። እርስዎ ነዎት ያስባረሩኝ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ አሁን መስማቴ ነው!»

«እኔ ነኝ» አለ ናፍያድ።

ኳሱን መሬት አስቀመጠ። «ኮች ካለ አልቆይም አልኩት አሳምነውን። ስሜን እንዳይጠራ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። ጉልበቴ ሲያብጥ አንተ ተጫወት ትለኛለህ። ማንን እንደማገባ፣ የት እንደምኖር፣ ምን እንደምበላ የምትወስነው አንተ ነህ። ትልቅ ሰው ነኝ እኮ። መተንፈስ አቃተኝ።»

ኤጀታ ወደ ልጁ ዞረ። «ለምን ለራሴ አልነገርከኝም፣ ልጄ?»

«ነግሬሃለሁ፣ ጋሼ። ስንቴ ነግሬሃለሁ።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ሲመራው አሰልጣኙ እግሩን ተከለ። ግንባሩን አኮማትሮ የልጁን ፊት አየው።

«መቼ?» አለ።

የምሩን ነበር። አያስታውስም።